መሸጫ የለውም

አዲስ አበባ ውስጥ «መኪና ልገዛ ነው» ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ መኪናው ሳይሆን መኪናውን ስለሚሸጥበት ቀን ነው። ገና ገንዘቡ ከባንክ አልወጣም፣ ሊብሬው አልታየም፣ ቁልፉም እጁ አልገባም፤ ዘመድ ወዳጁ ግን ከወዲሁ እየሸጠለት ነው። «ስትሸጠው ያወጣልሃል?» ይላል አንዱ። ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሱ እኮ መሸጫ የለውም» ይላል። «ስነዳው ደስ ይለኛል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ካለ ወይ ልጅ ነው፣ ወይ ብር የተረፈው ነው። እኔ ከሁለቱም አይደለሁም። ደመወዝተኛ ነኝ። ከባለቤቴ ጋር ለቤት ብለን በየወሩ የምናስቀምጣት አለች። ከዚያችው ጎን፣ ያገለገለች፣ ዋጋዋ የማይገድል፣ ስነዳት ፊቴን ፈታ የምታደርግ መኪና አማረኝ። ይህች ምኞት ይህን ያህል ሸንጎ የምታስቀምጥ መሆኗን አላወቅኩም ነበር።

የምፈልገው ብዙ አይደለም። ማርሿን በእጄ የማስገባላት፣ ትንሽ፣ ቅዳሜ ጠዋት በእንጦጦ አድርጌ ወደ ሱሉልታ ስወጣ ኩርባው ላይ የምትታዘዝ፣ ስትበላሽም ቤት የማታስፈታ ትሁንልኝ። ይህን በተናገርኩበት ቦታ ሁሉ የማገኘው መልስ አንድ ነው፦ ቪትዝ ግዛ። ቢሮ «ቪትዝ ግዛ»፣ ልቅሶ ቤት «ቪትዝ ግዛ»፣ ፀጉር አስተካካዬ ምላጩን አንገቴ ላይ እንደያዘ «ቪትዝ ነው እንጂ!»

ቪትዝን አልጠላትም። ነዳጅ አትበላም፣ መለዋወጫዋ በየጥጉ አለ፣ የማያውቃት መካኒክ የለም። ግን እስቲ ስለ መንዳት እናውራ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። 1000 ሲሲ ሞተር ከዚህ ላይ ሩቡ ሲቀነስበት፣ አራት ጎልማሳ ተጭኖበት፣ ሽቅብ ሲታዘዝ ምን እንደሚሆን በሽሮ ሜዳ ዳገት የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ኤሲ ይጠፋል፣ ጨዋታ ይቆማል፣ ከኋላ የተቀመጠው ሰው «ልውረድላችሁ?» ይላል። ይህች መኪና ከ20 ዓመት በላይ ዕድሜ ይዛ፣ ብዙዎቹ እህቶቿም ከጃፓን በዱባይ በኩል መጥተው መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ ሆኖ፣ ዋጋዋ ከሚሊዮን ብር በላይ ነው። ከመጀመሪያውም መሪዋ በግራ የሆነችው ደግሞ «የአውሮፓ ያሪስ» ተብላ ሌላ ተጨማሪ ትጠይቃለች። ያው አንድ መኪና ናት እኮ!

ነገሩ እንዲህ የሆነው በከንቱ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው መጠን እስከ 500 በመቶ ጣለ። በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ጭራሽ ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ብር ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን ዘለለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለችው አሮጌ መኪና በተነዳች ቁጥር ዋጋዋ መውረዱ ቀርቶ፣ ቆማ በዋለች ቁጥር መውጣት ጀመረ። በሌላው ዓለም መኪና ገዝተህ ከበሩ ስትወጣ ዋጋው ቀነሰ ይባላል። እዚህ ጎረቤትህ ከ12 ዓመት በፊት የገዛትን መኪና፣ ጭረቷንም ጭስዋንም ጨምሮ፣ በገዛበት ብዙ እጥፍ ይሸጥልሃል። ሲሸጥልህም «ለአንተ ስለሆነ ነው» ይልሃል።

መኪናው የቁጠባ ደብተር ሆኗል። ችግሩ ደብተር አይነዳም። የወንበሩ ላስቲክ እንደተለበጠ ነው፤ በሙቀት ጀርባህ ላይ ይጣበቃል፣ ግን ከተነሳ «ውስጡ እንደ አዲስ ነው» ማለት ይቀራል። ልጅ ውስጡ ቆሎ አይበላም። በር ዝግ ብሎ ይዘጋ፤ «ቀስ! ቀስ!» የሚል የመኪና ባለቤት ያልገጠመው አለ? አስፋልት ባለቀበት መንገድ አይሄድም፣ ክፍለ ሀገር አይወጣም፣ ዝናብ ሲመጣ ጥላ ይፈለግለታል። የአዲስ አበባ ባለመኪና የሚነዳው ለራሱ አይደለም፤ በማያውቀው በሚቀጥለው ገዢ ስም ነው። ያ ገዢ በተራው ላስቲኩን ሳይነካ ለሌላ ያስተላልፋል። ይህች መኪና መቼ ነው የምትነዳው? ማን ነው ደስታዋን የሚያገኘው? ይህን ጥያቄ ለአጎቴ አቀረብኩላቸው። «ልጄ» አሉኝ፣ «ደስታማ ስትሸጣት ነው።»

እኔ ዓይኔን የጣልኩት ማንዋል ጎልፍ ላይ ነበር። አሮጌ፣ ግን ጠንካራ። መሪዋን ስትይዝ ጎማዋ ምን እየረገጠ እንደሆነ የሚታወቅህ፣ ዳገት ላይ ሦስተኛ አስገብተህ የማታፍርባት። ከቪትዝ በብዙ ትረክሳለች። ለምን ረከሰች? መሸጫ የላትምና። መሸጫ የሌላት ለምንድን ነው? ማንም ስለማይገዛት። ማንም የማይገዛትስ? መሸጫ ስለሌላት። ይህን ክብ ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ መውጫው ግን አልተገኘም።

ቮልስም አስቤያለሁ። የድሮዋን፣ ሞተሯ ከኋላ፣ ራዲያተር የሚባል ጣጣ የሌለባትን፣ በአየር ብቻ የምትቀዘቅዘውን። ይህች ከተማ ቮልስ ትወዳለች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥታቸው ያስወጣቸው በሮልስ ሮይስ ሳይሆን በቮልስ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ይህችን መኪና አይቶ ታሪክ የማያወራ ሽማግሌ የለም። ግን ፍቅሩ ዋጋዋን አወጣውና አሁን «አንቲክ» ተባለች። ድሮ የድሃ መምህር መኪና የነበረችውን ዛሬ ስልክ ደውለህ ስትጠይቅ ባለቤቱ «አልሸጣትም፣ ግን ስንት ትሰጣለህ?» ይላል። ላዳም አለች፤ በፊያት 124 መነሻነት የተሠራች ብረት ናት፣ ማንኛውም ጋራዥ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታታል። ባለቤቴ ግን ገና ስሟን ስጠራ ሳቀች። «ሰማያዊና ነጭ ቀብተሃት እጅ ሲያነሱልህ ልትቆም ነው?» አለች። አጭሩን ባለሁለት በር ቪታራ ስጠቅስ ደግሞ ሳቋን አቆመች፤ ዋጋውን ሰምታ ነው።

ደላላ ጋር ከመሄድ ደግሞ ጥርስ ማስነቀል ይሻላል። ስልኬን ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ ይደውላል። «ብሮ፣ የፈለግካት መኪና ተገኝታለች።» የፈለግኩትን ነግሬው አላውቅም። «ስንት ናት?» «መጀመሪያ እያት፣ ዋጋው ላይ አንጣላም።» ስትደርስ ቆማ ያለችው ቪትዝ ናት። «ሴት የነዳቻት ናት» ይላል። ሴቲቱ ማን እንደሆነች አይታወቅም፤ በዚህ ከተማ የምትሸጥ መኪና ሁሉ ግን ወይ ሴት ነድታታለች፣ ወይ ዶክተር፣ ወይ ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ሄዳለች። «ባለቤቱ ውጭ ሊሄድ ስለሆነ ነው እንጂ አይሸጣትም ነበር።» ሁሉም ውጭ ሊሄድ ነው። 20 ዓመት የነዱት መኪና ኪሎ ሜትሩ 90 ሺህ ላይ ቆሟል። ቀለሟ «ያልተነካ» ነው፤ ጠጋ ብለህ ስታይ የግራው ስፖርቴሎ ከቀኙ በጥቂቱ ይለያል። «እሱ? ፀሐይ ነው።»

ከዚያ የታርጋው ወሬ ይመጣል። የተሠራችበት ዓመት ማንንም አያሳስብም፤ ዋናው ኮድ 2 ሆና የታርጋዋ ፊደል ስንተኛ ነው የሚለው ነው። ሁለት አንድ ዓይነት መኪኖች፣ ባንድ ዓመት ከአንድ ፋብሪካ የወጡ፣ አንዷ አገር ቤት ቀድማ ስለገባች ብቻ በዋጋ ይለያያሉ። ሊብሬው ሲወጣ ደግሞ ሻጩ አጠገብህ የቆመው ሰው አይደለም። ስም ማዞር ወጪ አለው ተብሎ በውክልና ላይ ውክልና ሲተላለፍ የኖረ ነው፤ የመጀመሪያው ባለቤት ስልክ አያነሳም፣ ሁለተኛው አሜሪካ ነው። ዕዳና እገዳ ማጣራት የአንተ ፋንታ ነው። የድለላው 2 በመቶ ከአንተም ከሻጩም ይጠየቃል። ያ ደግሞ ለአንድ ሰው አይደለም፤ የደወለልህ አለ፣ ለደወለልህ የነገረው አለ፣ ስትደራደሩ አጠገባችሁ ቆሞ ጥርሱን ሲፍቅ የነበረውም ድርሻ አለው።

መካኒክ ይዘህ ሂድ ይሉሃል። ይዘህ ትሄዳለህ። ኮፈኑን ያስከፍታል፣ የዘይት መለኪያውን መዝዞ ያሸታል፣ «አስነሳ» ይላል፣ «ጋዝ ስጠው» ይላል፣ ዝም ይላል። ዝምታው ገንዘብ ያስከፍላል። ቴስታታው ተከፍቶ ያውቃል፣ ቦኮላዎቹ አልቀዋል፣ ፍሪሲዮኑ ጫፍ ላይ ነው ብሎ ይዘረዝርና መጨረሻ ላይ «ግን ጥሩ መኪና ናት» ይላል። ልግዛ ወይስ አልግዛ? «እንግዲህ የእርስዎ ፍላጎት ነው።» ለዚህ ነው አበል የከፈልኩት። ዕቃው ካለቀ ደግሞ መርካቶ ሶማሌ ተራ መውረድ ነው። እዚያ ያልተገኘ ዕቃ የለም፤ ማታ የጠፋብህ ስፖኪዮ ጠዋት እዚያ ይጠብቅሃል የሚለው ቀልድ ግን ስፖኪዮው ላልጠፋበት ሰው ብቻ ነው የሚያስቀው።

ይህን ሁሉ ታግሼ «እሺ፣ መኪናው ይቅር፣ ገንዘቡ ቤቱ ላይ ይዋል» እንዳልል፣ ቤቱስ የት አለ? የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው 7 በመቶ በነበረባቸውና የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ በሆነባቸው ዓመታት ባንክ ያስቀመጥነው ገንዘብ ቁጥሩ ጨመረ፣ የሚገዛው አነሰ። በ2005 ዓ.ም. ለ20/80ውና ለ40/60ው ኮንዶሚኒየም በመቶ ሺዎች ተመዝግበን ደብተር ከፈትን። ከዚያ ወዲህ ልጅ ወልዶ ልጁን ትምህርት ቤት ያስገባ አለ፣ ፈትቶ እንደገና ያገባ አለ፤ ዕጣው ግን ለብዙዎቻችን ላም አለኝ በሰማይ ነው። በሐምሌ 2014 ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ወጥቶ በመረጃው ላይ ማጭበርበር ተገኘ ተብሎ ተሰረዘ። ዕድለኛ ነበርኩ ብሎ ዘመድ ሰብስቦ እልል ያስባለውን ሰው አስቡት። እንደገና የወጣው በኅዳር 2015 ነው።

የግሉ ሪል ስቴት ደግሞ በካሬ ነው የሚያናግርህ። የዓመቱን ቁጠባችንን ይዘን ስንሄድ፣ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀምነው ካምና ከነበረው ዋጋ ጋር ያለውን ልዩነት እንኳን አይሸፍንም። ቡና የምታቀርበው የሽያጭ ሠራተኛ ደስ የምትል ልጅ ናት። «ጋሼ፣ ከሰኞ ጀምሮ ይጨምራል» ትላለች። ሁልጊዜ ከሰኞ ጀምሮ ነው።

እንግዲህ የአማካሪዎቻችን ስሌት እዚህ ላይ ይሰበራል። «ደስ የሚልህን መኪና ተወው፣ ቁጠባህ ላይ አተኩር» የሚሉት፣ ቁጠባው ቤት ላይ የሚያደርስ ከሆነ እኮ ልክ ናቸው። እኔም አልከራከርም። ግን በዕቁብም በባንክም ስናሳድደው ቤቱ እየሸሸ፣ ላልገዛነው ቤት ብለን የማንወዳትን መኪና ይዘን ከሁለት ያጣ መሆን ምን ይባላል? በአንድ ወገን የሚያስቀኝ፣ ቪትዟን ገዝቶ ያቆመው ሰው ባንክ ካስቀመጥነው ከእኛ ይልቅ ወደ ቤቱ ቀርቧል። ስለዚህ ምክራቸው ልክ ነው ማለት ነው። የሚያናድደኝም እሱ ነው።

መኪና ከገዛህ በኋላ ያለውንም አልረሳሁትም። ተከራይ ነህና አከራይህ ያዩታል። እስካሁን «ልጆቼ» ሲሉ የነበሩት በማግስቱ በረንዳ ላይ ቆመው መኪናዋን ዞር ዞር እያሉ ያያሉ። በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ ጭማሪው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም በሚወሰነው መጠን ብቻ ይሁን ይላል፤ አዋጁን ሁላችንም እናውቀዋለን። ነገር ግን ከአንድ ግቢ በአንድ በር የሚወጣ ሰው ሁሉን ነገር በአዋጅ አይጨርሰውም። «ማቆሚያው በውሉ ላይ የለም» ይባላል። ውጭ ስታቆም ለሰፈሩ ዘበኛ ትከፍላለህ፤ ከፍለህም ጠዋት ስትወጣ መጀመሪያ የምትቆጥረው ስፖኪዮህን ነው። ቤንዚን በሰኔ 2014 መጨረሻ በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ሲገባ ጮኸን ነበር። ከ100 ብር ሲያልፍ ለመጮህም ሰልፍ ላይ ነበርን።

ዘመድ አለ ደግሞ። መኪና የሌለው ሰው ለልቅሶ በታክሲ ይመጣል፣ ደረሰ ይባልለታል። መኪና ያለው ግን ድንኳን ይጭናል፣ አክስት ያመላልሳል፣ ሌሊት 9 ሰዓት ቦሌ ሄዶ ከዱባይ የመጣችን የአጎት ልጅ ከነሦስት ሻንጣዋ ይቀበላል፣ ለሰርግ አበባ ይለጠፍበታል። «ነዳጁን እኔ» የሚል የለም። አንዴ ያለ ሰው ነበር፣ ማደያው ሲደርስ ተኛ።

«ታዲያ ኤሌክትሪክ አትገዛም?» የሚለው አዲሱ ምክር ነው። መንግሥት ታክሱን ቀንሶ አበረታቷቸዋል፣ ከተማው በቢዋይዲና በአይዲ 4 ተሞልቷል፣ እንደ ቤንዚን ሰልፍ የለም፣ ከፍታው ጉልበቱን አይነካበትም። እውነት ለመናገር ነድቼው ደስ ብሎኛል። ገና ስትረግጠው ይሄዳል፤ የእንጦጦን ዳገት ምንም ሳይመስለው ወጣው። ስክሪኑ ቻይንኛ ቢሆንም እጅ ይለምደዋል። ያገለገለው ሲገኝ ደግሞ ዋጋው የተጋነነ አይደለም፤ ምክንያቱን ስጠይቅ «ባትሪው ወደፊት ምን እንደሚሆን ስለማይታወቅ መሸጫው አስተማማኝ አይደለም» አሉኝ። በዚህ ነጥብ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለኝ፤ መሸጫ የለውም ማለት ለእኔ ይደርሰኛል ማለት ነው።

ቻርጅ የት ይደረግ? ግቢው አንድ ቆጣሪ ነው፣ ሦስት ተከራይ ነን። ሴት ለሴት ይግባባሉ ብዬ ባለቤቴን ላክኋት። አከራያችን በደንብ አዳመጧት፣ ቡናም አፈሉላት። «ልጄ» አሏት፣ «ምጣድ እንኳን በሳምንት አንዴ ነው ብለን ተስማምተን የለም? ይኼ ሌሊቱን ሙሉ ነው አሉ።» መብራት የጠፋ ዕለትስ ማን ሊወቀስ ነው ብለው ጨመሩ። የራሳችሁ ቤት ሲኖራችሁ ትገዛላችሁ፣ እግዚአብሔር ያውቃል ብለው መረቋት።

ቻርጅ ማድረጊያ የተዘጋጀለት ሕንጻ አለ ተብለን እሱንም አየን። ከሰኞ ጀምሮ የሚጨምረው ሪል ስቴት ነው። ማቆሚያው ከቤቱ ዋጋ ውጭ ነው፤ ለብቻው ይሸጣል።